ፍቅሩ ሰም፣ ምስጢሩ ወርቅ፦ ጊኒር ላይ የሚቆም የወጣቶች ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

በአንድ ሟች ነጋዴ የዱቤ ደብተር ላይ «ቀሪው ለገና» የሚል መስመር ተጽፎ ተገኘ እንበል። አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ ወዲያው የታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጾም የሚፈታበት በዓል ይታየዋል። ባሌ ያደገው ግን ሌላ ነገር ሊታየው ይችላል። በኦሮምኛ ገና የዝናብ ወቅት ስም ነው፤ በባሌ ደጋም ከመጋቢት ግድም ጀምሮ ተዘርቶ በሐምሌና በነሐሴ የሚሰበሰበው እህል የገና እህል ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ የሚዘራው ደግሞ የቦና ነው። ሁለቱ ቃላት በፊደላችን ሲጻፉ አይለዩም። በሁለቱ ቀነ ገደቦች መካከል ግን ሰባት ወር ያህል አለ፤ በሰባት ወር ሰው ይሞታል፣ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ አንዱ ቤተሰብ ሌላውን «በላን» ብሎ ቡና መጠራራት ያቆማል። ለወጣቶች የሚሆን፣ ፍቅር ጣል ያለበት የምስጢር ልብ ወለድ ለመጻፍ የምታስቡ ሁሉ፣ ከሬሳውና ከሽጉጡ በፊት ፈልጉ የምላችሁ እንዲህ ያለውን ቃል ነው።

የቅኔ ሰዎች ሁለት ፍቺ የሚሸከመውን ቃል ኅብረ ቃል ይሉታል። ላይ ላዩን የሚሰማው ፍቺ ሰሙ፣ ውስጥ ያለው ወርቁ ነው። የምስጢር ልብ ወለድ ጸሐፊ «ፍንጭ» የሚለው ነገር ከዚህ የተለየ ፍጥረት አይደለም። ጥሩ ፍንጭ የተደበቀ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አንባቢ በግልጽ አንብቦት ወደ ሌላ ፍቺ ያለፈው ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ባወጣቸው አሥር ሕጎች መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢ እንዳይሰውር ያዘዘው ለዚህ ነው፤ አንባቢ መሸነፍ ያለበት ሁሉን እያየ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ወርቁን በምን ዓይነት ሰም እንሸፍነው የሚል ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ መልስ በፍቅር የሚል ነው። የአሥራ ሰባት ዓመት አንባቢ ከምንም በላይ አፍጥጦ የሚያነበው ልጁና ልጅቷ የሚገናኙበትን ገጽ ነው፤ አፍጥጦ ሲያነብም የሚፈልገው ይወዳታል አይወዳትም የሚለውን ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ገጽ ላይ የተቀመጠ ፍንጭ እያየው ያልፈዋል። ስለዚህ ፍቅሩን በምስጢሩ ላይ እንደሚነሰነስ ቅመም አትቁጠሩት። ፍቅሩ የመደበቂያው መሣሪያ ራሱ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚወጡ ናቸው።

ይህን ሐሳብ አጥብቆ የሚቃወም ታዋቂ ሰው አለ። አሜሪካዊው ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን በ1928 እ.ኤ.አ. ሃያ የምርመራ ልብ ወለድ ሕጎችን ሲያወጣ፣ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ፍቅርን ጨርሶ ይከለክላል፤ የመርማሪው ሥራ ወንጀለኛውን ለፍርድ ማቅረብ እንጂ ጥንዶችን መዳር አይደለም ባይ ነው። ፍቅሩና ምርመራው ለየብቻ የሚሄዱ ከሆኑ እውነት አለው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይቆማል፣ አንባቢም ገጽ ይዘላል። ነገር ግን ሕጉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ዶሮቲ ሴየርስ መርማሪዋን ሎርድ ፒተርን በነፍስ ግድያ ተከስሳ ችሎት ፊት ከቆመችው ከሃሪየት ቬን ጋር በፍቅር ጣለችው፤ እዚያ ፍቅሩን ብታወጡት ምርመራው አብሮ ይወድቃል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የሆሊ ጃክሰን የወጣቶች ልብ ወለድም ለትምህርት ቤት ሥራ ብላ የቆየ ወንጀል የምትመረምረውን ተማሪ ያጣመራት ገዳይ ነው ከተባለው ልጅ ወንድም ጋር ነው። ወደ ቤታችን ስንመለስ በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጋር የገባበት ፍቅር ከስለላው ታሪክ ጎን የተቀመጠ ማረፊያ አይደለም፤ ማንን ልመን የሚለው የጦርነቱ ጥያቄ እዚያው ፍቅሩ ውስጥ ገብቶ ይጠየቃል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ደግሞ አማርኛ አንባቢ፣ ያውም ወጣቱ፣ ገዳምና የምስጢር ጽሑፍ የሚፈታ መጽሐፍ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሻማበት አሳይቷል። አንባቢው አለ፤ የጎደለው ባሌን የመሰለ ቦታ ላይ የቆመ፣ በልጆች ልክ የተሰፋ ታሪክ ነው።

እንግዲህ እርምጃ አንድ፣ ቃሉን መፈለግ ነው። ጊኒር ለዚህ የታደለች ናት። ከድሮ ጀምሮ የደጋው ሰውና የቆላው ሰው የሚገበያዩባት የንግድ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የምሥራቅ ባሌ ዞን መቀመጫ ናት። ገበያ ባለበት ሁለት ቋንቋ፣ ሁለት መስፈሪያ፣ ሁለት ቀን መቁጠሪያ ይገናኛሉ፤ ኅብረ ቃል የሚወለደውም እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ደብተር ያዙና ለሦስት ቀናት የገበያውን፣ የመናኸሪያውንና የትምህርት ቤቱን በር ወሬ አዳምጡ፤ አንድ ሰው ተናግሮት ሌላው በሌላ ፍቺ የተረዳውን ቃል ብቻ መዝግቡ። የእስልምናው ዘመን አቆጣጠር በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ «በአረፋ ማግሥት» የሚል ቀጠሮ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ካልታወቀ ወሩ አይታወቅም፤ ይህም ጥሩ ወርቅ ነው። የእኛን ሰዓትና የፈረንጆቹን ሰዓት ማምታታት ግን ተዉት፤ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከሁለተኛው ገጽ ላይ ይነቃበታል፣ ለውጭ አገር ሰው ካልሆነ አይሠራም። የምትመርጡት ቃል ሁለቱም ፍቺዎቹ በዚያ ቦታ የሚያስኬዱ መሆን አለባቸው። «ለገና» የሚያስኬደው የቦና ስንዴ ተሰብስቦ የሚያልቀው በበዓሉ ሰሞን ስለሆነ ነው፤ ገበሬ በበዓሉም ዕዳ ሊከፍል ይችላል፣ በነሐሴም ሊከፍል ይችላል። አንዱ ፍቺ ደካማ ከሆነ ሰሙ ቶሎ ይቀልጣል። (መስመሩን «ቀሪው ገና» ብላችሁ ብትጽፉት፣ ላልቶ ሲነበብ «አልተከፈለም» የሚል ሦስተኛ ፍቺ ይወጣዋል። ቅኔ ቤት ያስመሰግን ይሆናል፣ ለአንድ ልብ ወለድ ግን ይበዛል።)

ሁለተኛው እርምጃ ብዙ ጀማሪ የሚዘለው ነው፤ ታሪኩን መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት እውነቱን በተራ፣ ከነቀኑ፣ እንደ ደረቅ ቃለ ጉባኤ ጻፉት። ለምሳሌ፦ የእህል ነጋዴ የሆነ አባት ለአንድ ሽማግሌ ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ በዱቤ ይሰጣል፤ ሽማግሌው ግማሹን ይከፍላል፣ አባት «ቀሪው ለገና» ብሎ ይጽፋል። በዓሉ ያልፋል፣ በጥር አባት ይሞታል። በነሐሴ ሽማግሌው ስንዴውን አስገብቶ ቀሪውን ገንዘብ ሱቁን ለተረከበው ለሟች ታናሽ ወንድም ያስረክባል፣ ደረሰኝ አይጠይቅም፤ የሟች ወንድም ነዋ። ታናሽ ወንድሙ ገንዘቡን ያስቀራል፣ ለቤተሰቡም «የበዓሉን ቀነ ገደብ አሳልፎ የካደን ሰው» ብሎ ይነግራል። ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ያደገችው የሟች ልጅ ክረምቱን አያቷ ዘንድ ጊኒር ልታሳልፍ ትመጣና ደብተሩን ታገኛለች፤ ኦሮምኛ አትችልም። በደብተሩ ያሉትን ስሞች የሚነግራትና መንገድ የሚያሳያት ደግሞ የዚያው ሽማግሌ የልጅ ልጅ ነው። ይህን ከአንድ ገጽ በላይ አታስረዝሙት። ነገር ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሚያውቅ በአጠገቡ ሠንጠረዥ ሥሩ፤ በኋላ ሃያኛው ምዕራፍ ላይ አንድ ሰው ገና ያልሰማውን ነገር እንዲናገር ከማድረግ የሚያድናችሁ ይኸው ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሞተ ሰው እንጂ የተገደለ ሰው እንደሌለም ልብ በሉ። «ታዲያ ማን ያነበዋል?» ለሚል፣ ወጣት አንባቢን ከማያውቀው ሬሳ ይልቅ የሚያስፈራው የገዛ ቤቱ ሰው ሌባ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከዚያም ሌላ ግድያ ከገባ ፖሊስ ይገባል፣ ፖሊስ ከገባ ሁለት ተማሪዎች ምርመራ ላይ የሚቆዩበት ምክንያት ይጠፋል። ማንም መዝገብ የማይከፍትለት የቆየ ቂም ግን ለልጆች የተተወ ሥራ ነው።

ሦስተኛው እርምጃ ዋናው ስለሆነ ቆም እንበልበት። ፍንጩን የያዘውን የፍቅር ትዕይንት ከሁሉም አስቀድማችሁ ጻፉ። ልጁና ልጅቷ በአያቷ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አያትየው ከበሩ ላይ ስንዴ እየለቀሙ በዐይናቸው እየጠበቋቸው፣ ደብተሩን ይገልጣሉ። ልጅቷ መስመሮቹን እያነበበች ስም ትጠይቀዋለች፣ እሱ ይመልሳል። «ቀሪው ለገና» ያለበት ገጽ ላይ ሲደርሱ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር ይምጣ፦ «ልጁ ገጹን ሳይገልጥ ብዙ ቆየ።» አንባቢ ይህን ሲያነብ ትከሻቸው መነካካቱን፣ ልጁ ቀኑ እንዳይመሽ መፈለጉን ያስባል፤ ልጅቷም እንደዚያው አስባ ፊቷ ይቀላል። ሰሙ ይህ ነው። በእውነቱ ግን ልጁ መስመሩን በገዛ ቋንቋው አንብቦታል፤ አያቱ «በነሐሴ ከፍያለሁ» እያሉ ለዓመታት የተናገሩት ቃል እውነት እንደነበረ በዚያች ቅጽበት ገብቶታል። ግን ለምን ዝም አለ? እዚህ ላይ ጀማሪ ጸሐፊ የገዛ ወገኑን ለመከላከል ነው ብሎ ያቆማል፤ ልጅቷም በመጽሐፉ አጋማሽ መዘግየቱን ስታስታውስ የምትጠረጥረው ይህንኑ ነው፤ ፍቅራቸውም በዚያ ይሰነጠቃል። ወርቁ ከዚያም ይርቃል። መስመሩ የእሱን አያት ነጻ ሲያወጣ የሚከሰው የእሷን አጎት፣ አባቷን ከቀበረች ወዲህ እንደ አባት የምታየውን ሰው ነው። ልጁ ዝም ያለው ለእሷ አዝኖ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ተነበበ፤ በመጀመሪያ ዓይን አፋርነት፣ ቀጥሎ ክህደት፣ መጨረሻ ላይ ፍቅር ሆነ። ይህ እንዲሆን በዓረፍተ ነገሩ ላይ ምንም ማብራሪያ አትጨምሩ። «ልቡ እየመታ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ዋሽታችኋል፤ «አንድ ነገር ገብቶት» ብላችሁ ከጻፋችሁ አጋልጣችኋል። ዐይን የሚያየውን ድርጊት ብቻ አስቀምጡና እለፉ፤ ቀጥሎም ወዲያው ሌላ ነገር ይምጣ፣ አያትየው ቡና ይጥሩ፣ መብራት ይጥፋ፤ አንባቢ እዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚቀመጥበት ጊዜ አትስጡት።

በዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ጊኒርን በመሰለ ከተማ፣ ሼሁም ቄሱም ጎረቤቱም በሚያይበት፣ ሁለት ተማሪዎች እንደልባቸው ተገናኝተው ፍቅር ያወራሉ ወይ? ወላጅስ ለልጁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይገዛል ወይ? ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ከሱ የሚወጣው መደምደሚያ ግን ጸሐፊውን የሚጠቅም ነው። እንደልብ መገናኘት በማይቻልበት ቦታ እያንዳንዱ ቀጠሮ ሰበብ ይፈልጋል፤ ደብተር መዋስ፣ ለአያት መድኃኒት ማምጣት፣ ወደ ሮቤ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ እንደ አጋጣሚ አንድ መቀመጫ ላይ መገኘት። ሰበብ ማለት ደግሞ ሌላ ነገር የሚሸፍን ምክንያት ነው፤ ምስጢር የሚሠራውም ከዚያው ጨርቅ ነው። ፍቅራቸው እጅ ለእጅ ሳይያያዙ ቢያልቅ አይጎድልበትም። «ትንሽ ፍቅር» የሚባለው ነገር ልኩ የገጽ ብዛት ሳይሆን፣ ከዚህ ዐልፎ ቢነገር ምስጢሩ የሚጋለጥበት ወሰን ነው።

ስለ ቋንቋ አንድ ጉዳይ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የከተማዋ የዕለት ቋንቋ ኦሮምኛ ሆኖ ሳለ በአማርኛ መጻፍ ሐሰት አይሆንም ወይ? ኦሮምኛ እንዳልነበረ አድርጎ መጻፍ በእርግጥ ሐሰት ነው። መፍትሔው ታሪኩን ቋንቋው በማይገባት ልጅ ዐይን መተረክ ነው፤ ያልገባትን አንባቢም አብሯት አይገባውም፤ ኦሮምኛ የሚያውቀው አንባቢ ደግሞ ቀድሟት ሊነቃ ይችላል፣ ይንቃ፤ እሱ ልጁን ሆኖ ያነባል፣ ለምን አትነግራትም እያለ። አንድ ጥንቃቄ ግን አድርጉ፦ ጥፋቱ በቋንቋና በሃይማኖት መስመር እንዳይታደል። ከላይ ባለው ምሳሌ የተጠረጠረው ንጹሕ፣ አጥፊው የቤት ሰው የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። አጠራሩንም ለሥራ አውሉት። ልጅቷ ሽማግሌውን መጀመሪያ «ሰውዬው» ትላለች፣ ፊት ለፊት ስትገናኛቸው ደንግጣ «አባባ»፣ ውሎ አድሮ ከልጁ ሰምታ «ኦቦ»፣ መጨረሻ ላይ እንደ እሱ «አካኮ»፣ አያቴ። አራት አጠራር የልቧን መንገድ ይነግራል፤ «እየወደደቻቸው መጣች» የሚል አንቀጽ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ቦታው እንሂድ፤ ብዙ ደራሲ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ከሮቤ በጎሮ በኩል ወደ ጊኒር የሚያወጣው አገር የሶፍ ዑመር ዋሻ ያለበት ነው፤ የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራራ ወርዶ ኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ የሠራው፣ በ1972 እ.ኤ.አ. እንግሊዛውያን የዋሻ አጥኚዎች ለክተው ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ መተላለፊያ ያገኙበት ነው። ወደ ሰሜን ድሬ ሼህ ሁሴን አለ፣ ምእመናን ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይዘው የሚጎርፉበት። ወደ ምዕራብ ጎባና የሳነቲ አምባ፣ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ፣ ቀይ ቀበሮ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ብሔራዊ ፓርክ። ይህን ሁሉ መጽሐፉ ውስጥ ማስገባት ያምራል፤ አስገቡትና ልብ ወለዱ የጉብኝት በራሪ ወረቀት ይሆናል። መለኪያው ይኸው ያው ሰምና ወርቅ ነው፤ ቦታው ሁለት ሥራ ካልሠራ ይውጣ። ዋሻው ሁለት ሥራ ሊሠራ ይችላል። ወንዙ የሚሞላው ተራራው ላይ፣ ዲንሾ አካባቢ፣ በሚዘንበው ዝናብ ስለሆነ ዋሻው በር ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውሃው ሊነሳ ይችላል። ገንዘቡን ስለተቀበለበት ቀን አጎትየው «ያን ቀን ልጆቹን ይዤ ዋሻውን አቋርጬ ነበር» ቢልና በዚያ ቀን ተራራው ላይ ዘንቦ እንደነበር የምታውቅ የዲንሾ ልጅ ካለች፣ መልክዓ ምድሩ ራሱ ምስክር ሆነ። እግረ መንገዴን፣ ኖክስ በአንድ ታሪክ ውስጥ ከአንድ በላይ ምስጢራዊ መተላለፊያ እንዳይኖር ይከለክላል፤ ሶፍ ዑመርን ቢያይ ሕጉን ምን ያደርገው እንደነበር እንጃ፣ በሮቹ በደርዘን ነው የሚቆጠሩት። ለዚህም ሲባል በዋሻ ውስጥ የማሳደድ ትዕይንት አትጻፉ፤ መውጫው ሲበዛ ጭንቀቱ ይሞታል።

ሌሎች ተጠርጣሪዎች ሁለት ይበቃሉ፣ ሦስት ቢበዛ። እያንዳንዳቸው የሚደብቁት የራሳቸው ትንሽ ነገር ይኑራቸው፤ የሱቁ ሠራተኛ የወሰደው ብድር፣ የሰፈር ደላላው ያፈረሰው ቃል። በዚህ ላይ መቆየት አያስፈልግም።

መፍቻው ላይ ግን ትንሽ እንቆይ። የእንግሊዝ ልብ ወለድ መርማሪው ሁሉንም ሳሎን ሰብስቦ ጣቱን በአንዱ ላይ በመቀሰር ያልቃል። እኛ ዘንድ ሰው ሰብስቦ ማጣራት ከዚያ ይቀድማል፤ ሌባ ሲጠፋ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ የሚማማልበት አውጫጭኝ ነበር፣ በኦሮሞው ዘንድም ጃርሶች፣ ማለትም ሽማግሌዎች፣ ተቀምጠው ነገር የሚያነሱበት ጃርሱማ አለ። ለዚህ ታሪክ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ልጆች ሽማግሌ ፊት ጣት አይቀስሩም፤ ልጅቷ ማድረግ የምትችለው ደብተሩን አምጥታ፣ መስመሩን ጮክ ብለው እንዲያነቡላት መጠየቅ ብቻ ነው። የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች በየቋንቋቸው ያነቡታል፤ አንዱ «ለበዓል» ይላል፣ ሌላው «ለገና እህል» ይላል፣ ከዚያ ዝምታ ይሆናል፤ አጎትየው ቀና አይልም። ማንም «ሌባ» የሚል ቃል ሳይናገር ነገሩ ተፈታ። ያፈረ ሰው የሚከፍለው ካሳ ምን ያህል እንደሆነ በግማሽ ገጽ ይበቃል። እዚያው ላይ ልጅቷ ዘወር ብላ ልጁን ብታየው፣ ስለ አግዳሚ ወንበሩ ምንም መናገር የለባትም፤ አንባቢ ራሱ ያስታውሳል።

የመጨረሻው ተቃውሞ፣ ሰምና ወርቅ የአንድ ቅኔ ጉዳይ ነው፣ ሁለት መቶ ገጽ አይሸከምም የሚል ነው። ሁለት መቶውንም ገጽ እንዲሸከም ማንም አይጠይቀውም፤ ለአንድ ልብ ወለድ እንዲህ ያሉ አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገሮች ይበቁታል፣ የቀረው እነርሱን የሚያጓጉዝ ተራ፣ ንጹሕ ትረካ ነው። በእርግጥ መሸከማቸውን የሚያረጋግጥ ፈተና ግን አለ። ረቂቁን አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ዓመት ለሆናቸው አራት ልጆች ስጡ፣ ሁለቱ ኦሮምኛ የሚችሉ ይሁኑ። ሁለት ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ አስቁማችሁ ማንን እንደሚጠረጥሩና ለምን እንደሆነ በወረቀት አስጽፏቸው። ሁሉም አጎትየውን ከጻፉ ሰሙ ስስ ነው፤ ወደ አግዳሚው ወንበር ተመለሱና የልጅቷን ስሜት አጉልታችሁ የገጹን ነገር አሳንሱ። አንዳቸውም ካልጻፉና መጨረሻውን አንብበው «ከየት መጣ?» ካሉ ወርቁ የለም፤ ዘሩ ለመቼ እንደተሰጠ የሚናገር አንድ መስመር ቀደም ብላችሁ ጨምሩ። ጨርሰው ሳይናገሩ መጽሐፉን ወደ ኋላ እየገለጡ አንድ ገጽ የሚፈልጉ ከሆነ ግን ዝም ብላችሁ ጠብቁ፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚቆሙ ቁጥሩን ጻፉ።